እሳትን በድንኳን ውስጥ መግራት

እሳት ማንደድና እሳት መግራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ማንደዱን የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። መግራቱን ግን በምክንያትና በልክ ሊያስረዳ የበቃው ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ትምህርት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም።

የሁለቱ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በድንኳን ውስጥ ነው። በድንጋይ ወይም በጭቃ በተሠራ ቤት ግድግዳው ራሱ ሙቀት ያጠራቅማል፤ እሳቱ ሲፋፋም ይጠጣል፣ ሲበርድም የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። በዚህም የተነሣ እሳት የሚያነደው ሰው ጥቂት ቢሳሳት ግድግዳው ስሕተቱን ይሸፍንለታል። ድንኳን ግን ከአንድ ንብርብር ሸራ በቀር ሌላ መከታ የለውም፤ ሸራም ሙቀት አያጠራቅምም። ምድጃው በጋለ ጊዜ በውስጡ ያሉት ሰዎች በላብ ይጠመቃሉ፤ ነበልባሉ ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ውርጭ ይገባባቸዋል። ስለሆነም በድንኳን የሚያድር ሰው የሙቀቱን ልክ የሚጠብቀው ከምድጃው ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድንኳን ውስጥ የሚነድ የእንጨት ምድጃ ሙቀቱ እንዴት ሊገታና ሊመጠን እንደቻለ ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ጉዳዩ ለሙያ ማኅበር መጽሔት ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በመጨረሻ እንደምናየው፣ ዛሬም በየቤታችን ከሚነደው ከሰልና በየመጠለያው ከሚያድረው ወገናችን ሕይወት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ማዳፈንና ወናፍ

የአየርን ነገር ከአገራችን እንጀምር። የባላገር እመቤት ራት ከተበላ በኋላ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ትሸፍነዋለች፤ ይህም ማዳፈን ይባላል። በአመዱ ሥር ያለው ፍም አየር እንደ ልብ ስለማያገኝ ሳይነድም ሳይጠፋም ያድራል። ሲነጋ አመዱ ተገልጦ፣ ጭራሮ ተጨምሮበት እፍ ሲባል ነበልባል ይወጣዋል። አንጥረኛው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በወናፉ አየር እየነፋ በአንድ እፍኝ ከሰል ብረት ያቀልጣል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያግላል። ሁለቱም ሳይጽፉትና ሳይለኩት የደረሱበት እውነት አንድ ነው፤ የእሳት ልጓም ያለው ከማገዶው ይልቅ በአየሩ ላይ ነው።

ድንኳንም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ይኖሩ የነበሩት ከስፍራ ወደ ስፍራ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አሰፋፈር ዘርዝሮ ጽፏል። ይህን የመሰለ ሰፈር የሚፈጀው ማገዶ እጅግ ብዙ ስለነበር የአካባቢው እንጨት ባለቀ ጊዜ ሰፈሩን ማንሣት ግድ ይሆን ነበር። አዲስ አበባ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ያሰቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማይቱን ያቆያት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች እሳት የሚነደው በሦስት ጉልቻ መካከል፣ ወይም እንዲያው በሜዳ ላይ ነበር። ክፍት እሳት ሙቀቱን ወደ አራቱም ማዕዘን ይበትናል፤ ከሚሰጠው ኃይል ለሰውና ለድስት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የደጋችን ሌሊት ቢበርድም በጋቢና በበርኖስ የሚቻል በመሆኑ፣ በድንኳን ውስጥ የተዘጋ የብረት ምድጃ ለመሥራት የሚያስገድድ ችግር አልነበረም። ምድጃው የተወለደው የባሰ ብርድ ባለበት አገር ነው።

የቲፒው ጆሮዎች

በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ ሜዳዎች የኖሩት ነባር ሕዝቦች የጎሽ መንጋ እየተከተሉ ይዘዋወሩ ነበር። ቲፒ የሚባለው መኖሪያቸው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የጎሽ ቆዳ ተጎናጽፎ የሚቆም ሾጣጣ ድንኳን ነው። እሳቱ በመካከሉ ክፍቱን ይነዳል፤ ጢሱም በአናቱ ይወጣል። ላዩን ብቻ ላየው ሰው ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ታላላቅ ብልሃቶች ነበሩት።

አንደኛው ብልሃት ከጢስ ቀዳዳው ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የተንጠለጠሉት ሁለት ክንፎች ናቸው። ክንፎቹ ከውጭ በቆሙ ሁለት እንጨቶች እየተገፉ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ መጠን ይገለጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ዝናም ሲመጣም ይከደናሉ። ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ከወለሉ ጀምሮ እስከ ሰው ቁመት ገደማ የሚዘረጋው መጋረጃ ነው። በውጭው ቆዳ ሥር ሾልኮ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በተኙት ሰዎች ላይ ከመንፈስ ይልቅ በቆዳውና በመጋረጃው መካከል ሽቅብ ይወጣና ጢሱን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል። በአጭሩ፣ አየር የሚገባበትና ጢስ የሚወጣበት መንገድ ተለይቶ ታውቆ ነበር፤ ሁለቱም በሰው እጅ ሊስተካከሉ ይችሉ ነበር። የቀረው ጉድለት እሳቱ ክፍት መሆኑ ነው። አየሩ በዙሪያው ሁሉ ስለሚደርሰው አነዳደዱ አይታዘዝም፤ ከሙቀቱም አብዛኛው ከጢሱ ጋር በአናቱ ይሄዳል።

እሳቱ በሣጥን ሲገባ

እሳትን በብረት የመከለል ሐሳብ ከቲፒው ተለይቶ በከተማ ቤቶች ውስጥ ያደገ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1742 ገደማ የብረት ማሞቂያ ሠርቶ በ1744 ስለ አሠራሩ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ቢጠየቅም ለሕዝብ ጥቅም ይሁን ብሎ አልተቀበለም። ማሞቂያው ግን አንድ እንከን ነበረበት፤ ጢሱ ወደ ታች ወርዶ እንደገና እንዲወጣ ስለተደረገ በሚገባ አይስብም ነበር። ሙቀትን ለማስቀረት የጢስን መንገድ ማስጨነቅ ጉዳት እንዳለው የታየበት አንድ ቀደምት ምሳሌ ይህ ነው።

ምክንያቱን በሳይንስ ለማስረዳት ደግሞ ፈረንሳዊው አንትዋን ላቭዋዚዬ መምጣት ነበረበት። እርሱ ከ1770ዎቹ ጀምሮ ባደረጋቸው ምርመራዎች መንደድ ማለት የሚነደው ነገር ኦክሲጅን ብሎ ከሰየመው የአየር ክፍል ጋር መዋሐዱ መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ የአንጥረኛው ወናፍና የእመቤቲቱ አመድ ለምን እንደሚሠሩ ታወቀ። ኦክሲጅኑን የሚመጥን ሰው እሳቱን ይመጥናል።

ይህን ዕውቀት ወደ ምድጃ ሥራ ካመጡት ሰዎች ቀዳሚው በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለደው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በኋላ ስሙ ካውንት ራምፎርድ ነው። በባቫርያ መንግሥት ተቀጥሮ በሙኒክ ሳለ ለሠራዊቱና ለድኾች መመገቢያ ኩሽናዎችን አቋቋመ። በእነዚህ ኩሽናዎች እሳቱ በጡብ ውስጥ ተዘጋ፤ ከሥሩ አየር የሚያስገባ በልክ የሚከፈት በር፣ ከበላዩ በጢስ መንገዱ ላይ የሚዞር መዝጊያ ተደረገለት። የዛሬው የእንጨት ምድጃ ሁለት መሪዎች፣ ማለትም የታችኛው የአየር በርና የላይኛው የጢስ መዝጊያ፣ ሥርዓት ይዘው የተገለጡት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

የሻምበሉ ድንኳን

የቲፒውን ቅርጽና የተዘጋውን ምድጃ በአንድ ያገናኘው ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ የተባለ የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በሉዊዚያና የተወለደው ሲብሊ በቴክሳስ ሲያገለግል የነባሮቹን ሕዝቦች ድንኳን አይቶ ነበር። በኤፕሪል 1856 የፈጠራ መብት ያገኘበት ድንኳን ሾጣጣ ሆኖ፣ በብዙ ምሰሶ ፋንታ በሦስት የብረት እግሮች ላይ በተተከለ አንድ ምሰሶ የሚቆም ነው። የወለሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር አምስት ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ወታደሮች እግራቸውን ወደ መካከል አድርገው ሊተኙበት ይችሉ ነበር። ሦስቱ እግሮች ያስፈለጉበትም ምክንያት እሳቱ በድንኳኑ እምብርት፣ ከምሰሶው ሥር እንዲነድ ነው።

በስሙ የሚጠራው ምድጃ ረዘም ያለ አክንባሎ ይመስላል። ከስስ ብረት የተጠቀለለ ሾጣጣ ነው፤ በጎኑ ማገዶ የሚገባበት በር፣ በአናቱም ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ አለው። ወለል ግን የለውም፤ በቀጥታ በመሬት ላይ ይቀመጣል። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር አንዱ ጥቅሙ ነበር። ክብደቱን ቀነሰለት፤ የአየሩንም መጠን ከመሬት ጋር አገናኘው። በከንፈሩ ዙሪያ አፈር ሲደለደልበት አየር ያጥረውና እሳቱ ይረጋል፤ አፈሩ በአንድ በኩል ሲጫር አየር ይገባውና ይፋፋማል። ይህ ከማዳፈን ጋር የሚመሳሰል ዘዴ መሆኑን አንባቢ ሳይገነዘበው አይቀርም።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ሠራዊት ወደ 44,000 የሚጠጉ የሲብሊ ድንኳኖች ተጠቅሟል። ሲብሊ ራሱ ከእያንዳንዱ ድንኳን አምስት ዶላር እንዲከፈለው ተዋውሎ የነበረ ቢሆንም፣ በ1861 ወደ ደቡቡ ወገን ስለገባ ክፍያው ቀረበት። በ1862 በኒው ሜክሲኮ ያዘመተው ጦር በግሎሪዬታ አጠገብ የስንቅ ጋሪዎቹ ተቃጥለውበት ተመለሰ። ከጦርነቱም በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ግብፅ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1873 ድረስ ለከዲቭ እስማኤል በመድፈኛ ጄኔራልነት አገለገለ። ግብፅ በዚያን ጊዜ የቀጠረቻቸው የአሜሪካ መኮንኖች ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የሆነው ዊልያም ሎሪንግ እ.ኤ.አ. በማርች 1876 በጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል በተመታው የግብፅ ጦር ውስጥ የኤታ ማዦር ሹም ነበር። ሲብሊ ግን ከዚያ አስቀድሞ ከሥራው ተሰናብቶ ስለነበር ከኢትዮጵያ ጋር ከመዋጋት ተርፏል። በ1886 በቨርጂኒያ በድኽነት ሞተ።

ድንኳኑም ዕድሜው ረጅም አልሆነም። ለማጓጓዝ ብዙ ጋሪ ይጠይቃል፤ በብርድ ወራት በሩና መሸፈኛው ተዘግቶ ብዙ ሰው ሲያድርበትም አየሩ ይበከላል። ስለዚህ በጦርነቱ መካከል ወታደር ተካፍሎ በሚሸከመው ትንሽ ድንኳን እየተተካ ሄደ። ምድጃው ግን ሰንብቷል፤ በሌሎች ድንኳኖች ውስጥ እየገባ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ በሠራዊቱ አገልግሏል።

እሳት ራሱን ሲያራግብ

የብረት ምድጃና ቱቦ መምጣት አንድ አዲስ ችግር አስከተለ። ይህንን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። በቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ ጋዝ ከውጭው አየር የቀለለ በመሆኑ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም በበሩ በኩል አዲስ አየር ይስባል። የውጭው አየር ዜሮ ዲግሪ፣ የቱቦው ቁመት ሁለት ሜትር ተኩል፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ሙቀት 300 ዲግሪ ቢሆን፣ በባሕር ወለል ከፍታ የሚገኘው የግፊት ልዩነት ወደ 16 ፓስካል ይጠጋል። ጋዙ ወደ 100 ዲግሪ ሲወርድ ግን ልዩነቱ ወደ 8 ፓስካል ዝቅ ይላል።

ከዚህ የሚከተሉት ውጤቶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያ፣ እሳቱ በጋለ መጠን ቱቦው አብዝቶ ይስባል፤ አብዝቶ በሳበ መጠንም እሳቱ ይበልጥ ይግላል። ይኸውም ምድጃው ለራሱ ወናፍ ሆነ ማለት ነው። ስስ ብረት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍም የሚመስለው፣ በቱቦው ጫፍ የሚወጣው ፍንጣሪም ሸራውን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ እሳቱ ሲዳከም ቱቦውም አብሮ ይዳከማል። ሰው ተኝቶ፣ ነበልባሉ ወድቆ፣ ፍሙ ብቻ በቀረበት ሰዓት ጢሱንና ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣው ኃይል አነስተኛ ይሆናል። የመጀመሪያው አደጋ በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው ግን አይታይም።

የማይታየው ገዳይ

እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1855 በነበረው የብርድ ወራት በክራይሚያ ሴቫስቶፖልን ከብበው የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች እጅግ ተሠቃይተዋል። በኖቬምበር 14 ቀን 1854 የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ድንኳኖቹን ነቃቅሎ ስንቅና ልብስ የጫኑ መርከቦችን አሰጠመ። ማገዶ ሲያጥር ከሰል በድንኳን ውስጥ አንድደው፣ ብርዱን በመፍራት ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነው ከተኙት መካከል ጠዋት ሞተው የተገኙ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ዝነኛው ወጥ ሠሪ አሌክሲስ ሶየር ወደ ሥፍራው ሄዶ፣ እሳቱ ከድስቱ ሥር ተዘግቶ የሚነድበትንና ማገዶ የሚቆጥበውን የጦር ሜዳ ምድጃ ሥራ ላይ አዋለ። የእርሱ ምድጃ የወጥ ቤቱን ችግር አቃለለ፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ፍም ግን እንዳለ ቀረ።

ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የካርቦንና የኦክሲጅን ውሕድ መሆኑን ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክሻንክ በ1800 አሳውቆ ነበር። በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው የሰውነት ጥናት ሊቅ ክሎድ በርናር ጋዙ ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክሲጅን እንደሚከለክል አሳየ። በ1890ዎቹም ጆን ስኮት ሆልዴን ጋዙን በራሱ ላይ ሳይቀር እየሞከረ መረመረ፤ በ1896 ባቀረበው ዘገባም በማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ከሞቱት ሠራተኞች አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ሳይሆን ይኸው ጋዝ መሆኑን አስረዳ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያደክማል፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይወስደዋል።

ከምድጃው ሙቀት አገታት ጋር ያለውም ግንኙነት እንዲህ ነው። እንጨት ሲሞቅ በመጀመሪያ የሚነድ ጋዝ ያወጣል፤ ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው በዚህ ጋዝ ውስጥ ነው። እሳቱን ለማርጋት ሲባል አየሩ ከመጠን በላይ ሲቀነስ ጋዙ ሳይነድ ይቀራል። ከፊሉ በቱቦው ውስጥ ቅጥራንና ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል፤ ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። የላይኛው መዝጊያ በዚያው ላይ ከተዘጋ መውጫ ያጣው ጋዝ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ሙቀት ለማቆየት የሚደረገው ጥረት ራሱ ነፍስ የሚያጠፋበት ምክንያት ይህ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ የአየሩን ሕግ ላልተረዳ ሰው የምድጃው መሻሻል ብቻውን አልበቃም።

የፍንጣሪው ዘበኛና የኮሪያ ብርድ

እስከ ዛሬ ከተገኙት መፍትሔዎች አስተማማኙ በፊንላንድ ሠራዊት ልማድ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1939 እስከ ማርች 1940 በቆየው የክረምት ጦርነት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት ደን ውስጥ፣ የፊንላንድ ወታደሮች በእንጨት ምድጃ በሚሞቅ ድንኳን ያድሩ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ሌሊቱን በሙሉ ተራ እየተቀበለ የሚነቃ አንድ ሰው አለ፤ በቋንቋቸው ኪፒናሚኮ ይሉታል፤ የፍንጣሪው ሚኮ እንደ ማለት ነው፣ ሚኮም የሰው ስም ነው። ሥራው ፍልጥ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ የአየሩን በር መጠበቅ፣ ሸራው እሳት እንዳይዝ መመልከትና የተኙትን መጠበቅ ነው። ለማጓጓዝ እንዲቀል ተብሎ የተሠራ ትንሽ ምድጃ እስኪነጋ የሚበቃ ማገዶ አይዝም። ይህንን እውነት ስለተቀበሉ መሪውን በሰው እጅ አኖሩት። የመሣሪያው ጉድለት በሥርዓት ተሞላ ማለት ነው።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ የሲብሊ ዘር የሆነው የ1941 ሞዴል የድንኳን ምድጃ ሥራ ላይ ዋለ። እንጨት ወይም የድንጋይ ከሰል ያነዳል፤ መለዋወጫ ሲገጠምለትም በነዳጅ ዘይት ይሠራል። የኢትዮጵያ ወታደሮች ከብርድ አገር ኑሮ ጋር የተዋወቁት ይህ ምድጃ በሠራዊቱ ድንኳኖች በተሰራጨበት ዘመን ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። መሣሪያውና ትጥቁ ከዚያው ሠራዊት የሚቀርብ ነበር። ከሐሩርና ከወይና ደጋ አገር የሄደ ወታደር የኮሪያ ተራሮች ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ፣ እሳትን በሦስት ጉልቻ መካከል ማንደድ የለመደ እጁ የብረት በርና የቱቦ መዝጊያ ማንቀሳቀስን መማር ነበረበት። ተከታዮቹ ቃኘው ሻለቆችም ያንኑ ብርድ ቀምሰዋል። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ብርዱን መቋቋምም ከውጊያው የማይተናነስ ተጋድሎ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል።

ልጓሙ እንዴት ይያዛል

ከዚህ ሁሉ ልምድ የተገኘው ሥርዓት በአጭሩ እንደሚከተለው ሊገለጥ ይችላል።

የመጀመሪያው መሪ ማገዶው ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ነው፤ ያንን ውሃ አሙቆ ለማትነን በእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 2.6 ሚሊዮን ጁል ይባክናል። የደረቀ ፍልጥ በኪሎ ወደ 15 ሚሊዮን ጁል ሲሰጥ፣ እርጥቡ ወደ ግማሹ ይወርዳል፤ ጢሱም ይበዛል። ቀጫጭን ጭራሮ ፈጥኖ ነድዶ ፈጥኖ ያልቃል፤ ወፍራም ፍልጥ ቀስ ብሎ ይነዳል። ስለዚህ እሳቱ በጭራሮ ይለኮሳል፣ በፍልጥ ይጸናል። ትልቅ እሳት አንድዶ አየር ከማሳጣት ትንሽ እሳት በበቂ አየር ማንደድ ይሻላል።

ሁለተኛውና ዋናው መሪ የታችኛው የአየር በር ነው። ሲለኮስ በሰፊው ይከፈታል፤ ቱቦው ከሞቀና መሳብ ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠብባል። ነበልባሉ ቢጫና ሕያው ሆኖ መቆየት አለበት። ነበልባሉ ጠፍቶ እንጨቱ የሚጤስ ከሆነ አየሩ ከመጠን በላይ ተቀንሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው መሪ የቱቦው መዝጊያ ነው። ይህ ነፋስ ሲበረታ ወይም እሳቱ ራሱን ሲያራግብ ለመግታት ብቻ ይነካል። ፈጽሞ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች መዝጊያውን ቀዳዳ ያለው አድርገው የሚሠሩትም እጅ ቢሳሳት እንኳ ጋዙ መውጫ እንዳያጣ ነው። እሳቱ ወደ ፍም ሲለወጥ፣ ቱቦው የሚስብበት ኃይል ስለሚቀንስ፣ መዝጊያው እንደገና ይከፈታል እንጂ ሙቀት ይቆይ ተብሎ አይጠብም። ከዚህ ሁሉ ጋር በድንኳኑ ላይ ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይም የሚወጣበት ቀዳዳ ምንጊዜም ክፍት ሆኖ ያድራል።

በአገራችን ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ነገር ይኖራል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ይኸውም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ጥግግት ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ያንሳል። ቱቦው የሚስብበት ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመሆኑም ለባሕር ዳርቻ አገር የተነደፈ ምድጃ እንዳለ ተወስዶ በደጋ ላይ ሲተከል ቱቦው ረዘም፣ የአየሩም በር ሰፋ ማለት ይኖርበታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማቆም በተቻለ ነበር። ነገር ግን በክራይሚያ ድንኳን ውስጥ የታየው ሞት በከተሞቻችን ዛሬም ይታያል። ብርድ በጸና ሌሊት ከሰል በማንደጃ ተደርጎ ከደጅ ይቀጣጠላል፤ ጢሱ ከወጣለትና ፍሙ ከቀላ በኋላ አደጋው ያለፈ ይመስልና ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በሩና መስኮቱም ይዘጋል። ከላይ እንደተመለከትነው ግን የጠፋው የሚታየው ጢስ ብቻ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በብዛት የሚወጣው ከዚሁ ከቀላው ፍም ነው። በዚህ መንገድ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሌሊት ያለቁባቸው ቤቶች አሉ። ከቀያቸው ተፈናቅለው በደጋ በሸራና በላስቲክ መጠለያ የሚያድሩ ወገኖችም ይኸው አደጋ ይጠብቃቸዋል፤ ላስቲክ ከሸራ ይልቅ አየር የማያሳልፍ ስለሆነ ችግሩ ይከፋል።

የሙያ ባልደረቦቻችን ኃላፊነት እዚህ ላይ ይመጣል። ለሕዝብ ከሰል አታንድ ብሎ መምከር ብቻ ብርዱን አያስቀርም፤ ሌላ ማሞቂያ የሌለው ሰው ማንደዱ አይቀርም። ይልቁንስ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስንነድፍ የጢስ ማውጫ ቱቦውን እንደ ትርፍ ዕቃ ቆጥረን ዋጋ ለመቀነስ ስንል እንዳንተወው፣ መጠለያ ስንሠራም ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ፣ ከወለሉ አጠገብ የአየር መግቢያ በንድፉ ላይ አስቀድመን እንድንሥል ያስፈልጋል። ቀዳዳው የሚያስገባው ብርድ በአንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይካካሳል። ነዋሪው ብርዱን ጠልቶ እንዳይደፍነውም ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ልንነግረው ይገባል። እናቶቻችን ፍሙን በአመድ አዳፍነው ሲያሳድሩ ኖረዋል፤ ያድር የነበረው ግን ጢስ በክዳኑ እየሾለከ በሚወጣበት የሣር ጎጆ ውስጥ ነበር። ጎጆውን በብሎኬትና በላስቲክ ስንለውጠው ያንን መውጫ ሳናስበው አብረን ዘግተነዋል። እንደገና መክፈቱ የእኛ ሥራ ነው።